ልጄ «ጠበቃ ልሁን» አለች

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም

ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ በአንድ ፖስታ ሁለት ሆኖ የመጣ ነው። የመጀመሪያው የአባት ሲሆን ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው የልጅ ሲሆን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። አባትየው ከኮምቦልቻ ወጥተው በአሜሪካ አገር ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ ወንድማችን ናቸው። ታክሲ ይነዳሉ፤ ባለቤታቸው በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። እሳቸው ለዓመታት «ፋርማሲ ታጠናለች» ሲሉ ኖረዋል፤ ልጅቱ ግን በዘንድሮው ረመዷን ከኢፍጣር በኋላ «አባዬ፣ እኔ ጠበቃ ነው መሆን የምፈልገው» አለቻቸው።

ወንድማችን ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ «ጠበቃ ዋሽቶ አዳሪ አይደለም ወይ? ልጄን ወደዚህ ልስደዳት?» ይላሉ። ሁለተኛ፣ «አራት ዓመት ተምራ ገና ሦስት ዓመት ትቀጥላለች የሚሉኝ ምን ማለት ነው? በአገራችን ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በቀጥታ ሕግ ይገባ የለም ወይ? አዲስ አበባ ልኬ ባስተምራትስ?» ይላሉ። ሦስተኛውንና ከሁሉም የከበዳቸውን እንዲህ ብለው ጽፈዋል፤ «ወለድ እንዳልበላና እንዳላበላ ሃያ አራት ዓመት ተጠንቅቄ ኖሬአለሁ፤ አሁን በልጄ ትምህርት ምክንያት እዚያው ልገባ ነው ወይ?»

የልጅቱ ደብዳቤ ደግሞ አጭር ነው። «አባቴ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ማመልከቻውን ከየት እንደምጀምር፣ የተበላሸውን የመጀመሪያ ዓመት ውጤቴን ምን እንደማደርገው፣ ስለ ራሴም ምን እንደምጽፍ ንገሩኝ» ትልና አንድ ታሪክ ታክላለች። ወደ ታሪኩ ኋላ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም የሁለቱም ደብዳቤ መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ይመስለናል።

አስቀድመን ግን አንድ የራሳችንን ነገር እንናገር። የዚህ አምድ አዘጋጅ እናት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ከወረቀት ጋር ተጋፍጠዋል። የአባታቸው ቤት ውርስ ነበር። «እዚህ ላይ ጣትሽን አሳርፊ» ተባሉ፤ አሳረፉ። ማንበብ አይችሉም ነበርና ወረቀቱ ድርሻቸውን ለሌላው ወራሽ እንደለቀቁ የሚናገር መሆኑን ያወቁት ከዓመት በኋላ ነው። አላህ ይዘንላቸውና እስኪሞቱ ድረስ «አንድ የሚያነብልኝ ልጅ ብቻ ቢኖረኝ» ይሉ ነበር። በቁርኣን ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ ብድር ሲፈጸም እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍና ምስክር እንዲቆም የሚያዘው አንቀጽ መሆኑን ልብ ስንል የእናታችን ለቅሶ ይገባናል። የሰው መብት በወረቀት ላይ ይጠበቃል፤ በወረቀት ላይም ይጠፋል።

«ጠበቃ ዋሽቶ አዳሪ ነው» ስለሚባለው

ወንድማችን፣ ይህ አባባል በየአገሩ አለ። ዋሽቶ የሚያድር ጠበቃ እንደሚኖር አንክድም፤ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴም አለ። ነገር ግን ሚዛን የሚያጎድል ስላለ ንግድ ሐራም አልሆነም። በአሜሪካ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃው ለፍርድ ቤት እያወቀ ሐሰት እንዳይናገርና ሐሰተኛ ማስረጃ እንዳያቀርብ ይከለክለዋል፤ ደንቡን የጣሰ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። በአብዛኞቹ ስቴቶችም ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ስለ ሥነ ምግባር ብቻ የተዘጋጀ ሌላ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው።

ከዚህም ሌላ ሙስሊሞች በዚያ አገር ከሕግ ምን እንዳገኙ እንመልከት። አንዲት ወጣት ሒጃብ በመልበሷ ምክንያት ከልብስ መደብር ሥራ ተከለከለች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ስምንት ዳኞች ለሷ፣ አንድ ዳኛ በተቃራኒው ፈረዱ። ያንን ክርክር ያቀረቡት የሕግ ሰዎች ናቸው። በ2006 ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ሙስሊም ኪት ኤሊሰን የሕግ ባለሙያ ነው፤ ከ2019 ጀምሮም የሚኒሶታ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠርቷል። በ2021 ዛሂድ ቁረይሺ የመጀመሪያው ሙስሊም የፌዴራል ወረዳ ዳኛ ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ኑስረት ቾድሪ በፌዴራል ዳኝነት ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት ሆናለች። «ሴት ልጅ በዚህ ሥራ ምን ትሠራለች?» ለሚሉም፣ ታላላቅ ሶሐቦች ፊቅህ ለመጠየቅ ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ደጅ ይመጡ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

ትምህርቱ እንዴት ያለ ነው?

ወንድማችን እንዳሉት በአገራችን ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ አምስት ዓመት ይማራል። በአሜሪካ ግን እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ በሕግ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ይጠናል። የማታ ወይም የትርፍ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል። ከዚያ የየስቴቱን የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ልጅዎ እስካሁን ያጠናችው ባዮሎጂ መሆኑ አይጎዳትም። ለሕግ የተለየ የኮሌጅ ዘርፍ አይጠየቅም፤ በሥነ ሕይወት የተመረቀ ጠበቃ በሕክምናና በመድኃኒት ጉዳይ ተፈላጊ ነው። የፋርማሲው ሕልምዎ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ልኮ ስለማስተማር የጠየቁትን በግልጽ እንመልስ። በአዲስ አበባ የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን በርካታ ታላላቅ ዳኞችንና ምሁራንን አፍርቷል። በኢትዮጵያ ለመሥራት ለሚፈልግ ልጅ መልካም መንገድ ነው። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመቆም ለምትፈልግ ልጅ ግን በሩ ጠባብ ነው። በውጭ አገር የተማረን ሰው ለፈቃድ ፈተና የሚያስቀምጡት ኒውዮርክን የመሳሰሉ የተወሰኑ ስቴቶች ሲሆኑ፣ እነሱም ብዙውን ጊዜ በአሜሪካ ተጨማሪ የማስተርስ ትምህርት ይጠይቃሉ። ስለዚህ በገንዘብ ተቆጠበ ሲባል በዕድሜ ይከፈላል።

ማመልከቻው ምን ምን አለው?

አሁን ወደ አንቺ እንመለስ፣ ልጃችን። ማመልከቻ የሚባለው አንድ ወረቀት አይደለም። ፈተና፣ የኮሌጅ ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ የሥራና የትምህርት ታሪክ፣ ስለ ራስ የሚጻፍ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ስለ ጠባይና ስለ ያለፈ ጥፋት የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉት። እነዚህ ሁሉ የሚሰበሰቡት ኤልሳክ በሚባለው ማዕከላዊ ድርጅት በኩል ነው። አንድ ጊዜ ፋይል ትከፍቺያለሽ፤ ድርጅቱ ለምታመለክቺባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይልክልሻል።

ትምህርት ቤቶቹ በራቸውን የሚከፍቱት በአብዛኛው በሴፕቴምበር አካባቢ ነው። የመዝጊያ ቀናቸው እስከ ፀደይ ወራት ቢዘልቅም ማመልከቻዎችን እንደ መጡ እያዩ ቦታና ስኮላርሺፕ ስለሚያከፋፍሉ ቀድሞ የመጣ ይጠቀማል። እንግዲህ አንቺ ኮሌጅ ጨርሰሽ በዚያው ዓመት መጸው መግባት ከፈለግሽ፣ ፈተናውን በመጪው በጋ ወስደሽ በአራተኛ ዓመትሽ መጀመሪያ ላይ ማመልከቻሽን መላክ አለብሽ። የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው፤ ቢያንስ አንዱ በደንብ ከሚያውቅሽ መምህር ይሁን። ስሙ ታላቅ ሆኖ ከማያውቅሽ ሰው ይልቅ ስሙ ባይታወቅም ሥራሽን አንብቦ ያረመሽ መምህር ይሻላል። ደብዳቤውን ከሁለት ወር በፊት ጠይቂ፤ መምህራን ሲጣደፉ አጭር ይጽፋሉ።

ውጤትን በተመለከተ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የወሰድሻቸው ትምህርቶችም ይቆጠራሉ፤ ከተማርሽበት ቦታ ሁሉ ትራንስክሪፕት መምጣት አለበት። ወድቀሽ የደገምሽው ትምህርት ቢኖር፣ ኮሌጅሽ የፊተኛውን ሰርዞ የኋለኛውን ብቻ ቢቆጥርልሽ እንኳ፣ የፊተኛው ውጤት በትራንስክሪፕቱ ላይ እስካለ ድረስ ኤልሳክ ሁለቱንም ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ በኮሌጅሽ ወረቀት ላይ የምታዪው አማካይና ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት አማካይ ላይገጥም ይችላል፤ አትደንግጪ።

የመጀመሪያ ዓመትሽ የተበላሸው እናትሽ ታመው ሆስፒታል ስታመላልሺ መሆኑን ጽፈሻል። ለዚህ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚባል አጭር ወረቀት ማያያዝ ይፈቀዳል። አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ ምን ሆነ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ አበቃ፣ ከዚያ በኋላ ውጤትሽ እንዴት ሆነ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ልመናና ምሬት አይግባበት። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያመጣሻቸው ውጤቶች ራሳቸው ይመሰክሩልሻል።

ፈተናው

ኤልሳት የሚባለው ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይቆጠራል። ፈተናው ሕግ አይጠይቅም፤ የሚመዝነው ማንበብንና ማመዛዘንን ነው። እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚወስዱ አራት ክፍሎች አሉት። ከአራቱ አንዱ ለሙከራ የሚሰጥ ስለሆነ አይቆጠርም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርም። የሚቆጠሩት ሁለት የክርክር ማመዛዘኛና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። ቀድሞ ብዙዎችን ያስለቅስ የነበረው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተመ አሮጌ የመለማመጃ መጽሐፍ በነፃ ቢሰጥሽ ያንን ክፍል ዝለይው። ከዋናው ፈተና ውጭ ደግሞ ነጥብ የማይሰጠው የጽሑፍ ክፍል አለ፤ እሱን ሳትጨርሺ ውጤትሽ ለትምህርት ቤቶች አይላክም።

የፈተናው ምንነት ቀላል ምሳሌ ይኸውና። «ሰፈራችን ውስጥ አዲስ መስጊድ ከተሠራ ወዲህ የሱቆች ገበያ ደርቷል፤ ስለዚህ ገበያው የደራው በመስጊዱ ነው» ቢባል ጥያቄው «ክርክሩ ምን ጎደለው?» የሚል ነው። በዚያው ዓመት አዲስ መንገድ ተከፍቶ ቢሆንስ? ይህን ዓይነት ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቅ ልጅ ለፈተናው ግማሽ ተዘጋጅቷል። የቀረው ልምምድ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ በሳምንት ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ሰዓት፣ በእውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎች ላይ፣ ሰዓት እየተያዘ። ኤልሳክ በነፃ የሚከፈት የመለማመጃ ገጽ አለው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ኮርስ ከመግዛትሽ በፊት እሱን ጨርሺ። ከተሳሳትሽው ጥያቄ ሳትሸሺ «ለምን ተሳሳትሁ?» ብለሽ በደብተር ጻፊ። የፈተናው ቀን በረመዷን ውስጥ ወይም ለዒድ የሚገጥም መሆኑን አስቀድመሽ በቀን መቁጠሪያ አይተሽ የሚመችሽን ምረጪ፤ በዓመት ውስጥ በተለያዩ ወራት ስለሚሰጥ ምርጫ አለሽ።

ፈተናውን በድጋሚ መውሰድ ይቻላል። በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ የሚል ገደብ ቢኖርም ብዙ ሰው ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈልገውም፤ ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው ትልቁን ውጤት ያያሉ። ቤተሰብሽ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ከሆነ ደግሞ የፈተናውንና የፋይሉን ክፍያ የሚያስቀር ፈቃድ አለ። ይህንን ግን ለፈተናው ከመመዝገብሽና ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ፤ የከፈልሽው ገንዘብ አይመለስልሽም። ብዙ ትምህርት ቤቶችም የማመልከቻ ክፍያቸውን ለጠየቀ ይተዋሉ። ወንድማችን ሆይ፣ በዚህ ማፈር አይገባም፤ መጠየቅ የልጅዎ ሐቅ ነው።

ስለ ራስሽ የምትጽፊው

አሁን ልጅቱ ወደ ጻፈችልን ታሪክ እንምጣ። አንባቢያን ሆይ፣ ይህን የምናነሳው በራሷ ፈቃድ ነው። «አባቴ አምዱን ስለሚያነብ ከዚያ ቢያየው ይቀለኛል» ብላለች።

ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሥራ ላይ ስለነበሩ እናቷን ይዛ የቤት ኪራይ ክርክር ወደሚታይበት ችሎት ሄደች። አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል ማናቸውም አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ እሷ ሆነች። ዳኛው ፋይሉን አየት አድርገው «ኮንቲኑድ» አሉና ቀን ጠሩ። ልጅቱ ቃሉን በትምህርት ቤት የምታውቀው «ይቀጥላል» በሚለው ትርጉሙ ነው። እናቷን «እማዬ፣ መኖራችን ይቀጥላል አሉን» አለቻቸው። እናት አልሐምዱ ሊላህ ብለው ከችሎቱ ወጡ። በፍርድ ቤት ቋንቋ ግን ቃሉ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ማለት ነው። በቀጠሮው ቀን ማንም አልቀረበም፤ በሌሉበት ተፈረደባቸው፤ ቤቱንም ለቀቁ። «አባቴ እስከ ዛሬ እናቴ ቀጠሮውን ረስታ ነው ብሎ ያምናል። እናቴ ግን አልረሳችም፤ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷም ቃሉ ምን ማለት እንደነበር ኋላ ስታውቅ ልጄ ትሸማቀቃለች ብላ ዝም አለች» ትላለች።

ወንድማችን፣ መጀመሪያ ለእርስዎ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ ሳታውቅ በተሳሳተችው አላህ አይጠይቃትም፤ እርስዎም አይጠይቋትም ብለን እናምናለን። ባለቤትዎም ለዓመታት የልጃቸውን ስሕተት በራሳቸው ተሸክመው ኖረዋል። ይህን ገጽ ሲጨርሱ ለሁለቱም አንድ መልካም ቃል ይኑርዎት። ልጅዎ ጠበቃ መሆን የፈለገችው ለሀብት ወይም ለስም አይደለም። አንድ ቃል ቤት እንደሚያስለቅቅ በልጅነቷ ስላየች ነው።

ለአንቺም፣ ልጃችን። የምትጽፊው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው ሁለት ገጽ ያህል ይጠይቃሉ። ብዙ አመልካቾች «ፍትሕን እወዳለሁ» ብለው ይጀምራሉ፤ አንባቢው በቀን ሃምሳ እንዲህ ያለ ያነባል። አንቺ ከችሎቱ ጀምሪ፤ ቃሉን፣ የእናትሽን ደስታ፣ የተዘጋውን በር ጻፊ። ከዚያ ስለ ዛሬዋ አንቺ ተናገሪ፤ በመስጊዳችሁ ለእናቶች ደብዳቤ እንደምታነቢ ጽፈሽልናል፣ እሱን አስገቢ። የጽሑፉ ዋና ሰው አንቺ እንጂ ችግርሽ አይሁን። እ.ኤ.አ. በጁን 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን መነሻ አድርገው ተማሪ እንዳይቀበሉ ቢወስንም፣ አመልካቹ ዘሩና አስተዳደጉ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን በራሱ ጽሑፍ እንዳይናገር አልከለከለም። ስለዚህ ስምሽንም፣ ሒጃብሽንም፣ የመጣሽበትንም ቤት አትደብቂ። ሌላ ሰው እንዲጽፍልሽም አታድርጊ፤ ጽሑፉ የራስሽ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽና።

ስለ ፊርማ ካነሣን አንድ ብርቱ ነገር አለ። ማመልከቻው «ተከሰሽ፣ ተቀጥተሽ፣ ከትምህርት ታግደሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ወላጆች ብዙውን ጊዜ «ትንሽ ነገር ናት፤ ዝም በይ» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው አካል ያንኑ ጥያቄ ይደግምና ሁለቱን መልሶች ያመሳክራል። ጥፋቱ ቀላል ሆኖ ሳለ መደበቁ ፈቃድ ያስከለክላል። በገዛ ማመልከቻው ላይ የዋሸ ሰው «ጠበቃ ዋሽቶ አዳሪ ነው» የሚለውን ተረት እውነት አደረገው ማለት ነው።

ገንዘቡና ወለዱ

ወንድማችን፣ ወለድ ሐራም መሆኑ በቁርኣን ግልጽ ነው፤ ጥንቃቄዎን አላህ ይቀበልዎት። በዚህ አምድ ፈትዋ አንሰጥም። በችግር ጊዜ ስለሚኖረው ፈቃድ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የራስዎን ሁኔታ ይዘው የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። እኛ የምናደርገው ወደዚያ ጥያቄ ከመድረስዎ በፊት ያሉትን በሮች ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ብድሩ ምን እንደሆነ ይወቁት። የመንግሥት የትምህርት ብድር ለሕግ ተማሪ ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ተማሪዋ ገና ክፍል ውስጥ ሳለች ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል ወለዱ 8 በመቶ ቢሆንና በየዓመቱ 50,000 ዶላር ብትበደር፣ የሦስት ዓመቱ ብድር 150,000 ሲሆን በምረቃዋ ቀን 24,000 ዶላር ወለድ ተጨምሮበት 174,000 ይደርሳል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረትም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የመንግሥት ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ተገድቧል፤ የቀረውን ወጪ ሁሉ ይሸፍን የነበረው ሌላው የመንግሥት ብድርም ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ስለዚህ ወለዱን የማይፈራ ሰው እንኳ ዛሬ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሁለተኛው በር ስኮላርሺፕ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ የሚሰጠው በአብዛኛው በፈተናና በኮሌጅ ውጤት ነው። ልጅዎ ውጤቷ ከትምህርት ቤቱ መካከለኛ ተማሪ በላይ የሆነበት ቦታ ብታመለክት ከክፍያው ብዙውን፣ አንዳንዴም ሙሉውን ሊያስቀርላት ይችላል። በፈተናው ላይ የተጨመሩ ጥቂት ነጥቦች በታክሲ ብዙ ዓመት የሚለፋበትን ገንዘብ ያስቀራሉ። ይህንን ለማወቅ እያንዳንዱ የታወቀ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ በግዴታ የሚያወጣውን መግለጫ ያንብቡ። ቁጥሩ 509 ይባላል። የተማሪዎቹ ውጤት፣ ክፍያው፣ የስኮላርሺፑ መጠን በሙሉ እዚያ አለ። በዚያው ላይ «ቅድመ ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ» የሚለውን ፈልጉ። አንዳንድ ትምህርት ቤት «ውጤትሽ ከዚህ በታች ከወረደ ይቀራል» ይላል። በሕግ ትምህርት ቤት ውጤት የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ በማወዳደር ስለሆነ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከታች የሚቀር አይጠፋም። ስንቱ ተማሪ እንደተነጠቀ መግለጫው ይናገራል። አንድ ትምህርት ቤት የተሻለ ከሰጣት ደግሞ ለሌላው በትሕትና ጽፋ «ልትጨምሩልኝ ትችላላችሁ ወይ?» ማለት የተለመደ ነው።

ሦስተኛው በር ቅርብና ርካሽ ቦታ ነው። እናንተ የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ስለሆናችሁ የስቴቱ ሕዝባዊ ትምህርት ቤቶች ለነዋሪ የሚያስከፍሉት ከውጭ ለመጣው ከሚያስከፍሉት ያነሰ ነው። ከነዚህም ጆርጅ ሜሰን የሚባለው አርሊንግተን ውስጥ ከእናንተ ቤት አጠገብ ነው፤ የትርፍ ጊዜ ትምህርትም አለው። ወንዙን ሲሻገሩ ዋሽንግተን ውስጥ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕዝባዊ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ከ1869 ጀምሮ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም በዚያው ከተማ ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በ1933 የተመረቀው ከዚያ ነው። ከቤት እየተመላለሱ መማር የኪራይና የምግብ ወጪን ያስቀራል፤ ቀን እየሠሩ ማታ መማርም ብድሩን ያሳንሳል።

አራተኛው በር አንድ ወይም ሁለት ዓመት መቆየት ነው። ከኮሌጅ እንደወጣች ወዲያው መግባት ግዴታ የለባትም። በሕግ ቢሮ ሠርታ፣ ገንዘብ ቆጥባ፣ ፈተናውን ደግማ ብትገባ ትምህርት ቤቶቹ ይወዱታል እንጂ አይነቅፉትም። አምስተኛው በር ኤ ኮንቲኑየስ ቻሪቲን የመሰሉ፣ ለሙስሊም ተማሪዎች ከወለድ ነፃ ብድር የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። ከዚህም ቀጥሎ የራሳችን ጀመዓ አለ። ለሠርግ ዕቁብ የምንገባ ሰዎች ለአንዲት ጠበቃ ቀርድ ሐሰን መስጠት እንዴት ያቅተናል? በከተማችሁ ያለው መስጊድና የዕድር ሰዎች ይህንን ይምከሩበት እንላለን። ነገ የውርስ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የስደት ጉዳይ ይዛችሁ የምትሄዱት ወደ እሷው ነውና።

በመጨረሻ

ወንድማችን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ታክሲዎን ቀደም ብለው ያቁሙና ሦስታችሁ ተቀመጡ፤ ሹራ የሙእሚኖች ጠባይ ነውና። ባዶ ወረቀት ይውሰዱ። በአንድ በኩል የሦስት ትምህርት ቤቶችን ስም፣ የየአንዳንዱን ክፍያና የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ይጻፉ። በሌላው በኩል ያለ ወለድ የምትችሉትን ገንዘብ ይጻፉ። በመካከል ያለው ልዩነት ስንት እንደሆነ ስታዩ ፍርሃቱ ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥር ደግሞ መፍትሔ ይፈለግለታል። ልጅቱም ሁለት ረከዓ የኢስቲኻራ ሶላት ሰግዳ ነገሯን ለአላህ (ሱ.ወ.) ታማክር። ከሶላቱ በኋላ ግን ለፈተናው ትመዝገብ፤ ኢስቲኻራ ከሥራ አያሳርፍምና።

አንባቢያን ሆይ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ «ሕግ የኛ ነገር አይደለም» አትበሉት። እናቶቻችን ያላነበቡትን ወረቀት የሚያነብ ሰው ከመካከላችን መውጣት አለበት። ልጃችን፣ መልሱ በደረሰሽ ቀን ብትጽፊልን ከአባትሽ እኩል እንደሰታለን ኢንሻ አላህ።